ባለቤት የለውም የተባለው ሜዳ

ሰኔ 29

እኔ ሳምራዊት መኩሪያ፣ የአያት ኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ማንም ሳያስገድደኝና በሙሉ አእምሮዬ ሆኜ የሚከተለውን አምናለሁ። ዛሬ ጋሽ ተካልኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ስብሰባውን በጸሎት ሲከፍቱ፣ እኔ ዓይኔን ገልጬ ሁለት ሳምቡሳ በላሁ። አንደኛው የሳቸው ድርሻ ነበር።

መከላከያ አለኝ። ጸሎቱ ረዘመ። ከአዳም ተነስተው ኖኅ ጋ ሲደርሱ ሳምቡሳው በረደ… ምግብ እያዩ ማበላሸትስ ኃጢአት አይደለም?

ስብሰባው የብሎካችን የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ተካልኝ ናቸው፣ ጡረተኛ። እሳቸው መሥሪያ ቤቱን ለቀቁ እንጂ መሥሪያ ቤቱ እሳቸውን አልለቀቀም። ሁለተኛዋ እትዬ ፈለቀች፣ ኢምፔሪያል ጋ የመጋረጃ ሱቅ ያላቸው። ምላሳቸው ከመቀሳቸው ይስላል። ሦስተኛው አባዬ። ደላላ ነው። ራሱን ግን «የሪል እስቴት አማካሪ» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ «የወጣቶች ክንፍ» ነኝ። የክንፉ ሥራ ሻይ መቅዳት ነው።

ዕቅዱ እንዲህ ነው፦ ነሐሴ ላይ ጋሞ ተራራ፣ ከጨንቻ በላይ ዙማ የምትባል መንደር ወጥተን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መሥራት። ዙማ የቲቸር እዝራ አገር ናት። ፊዚክስ የሚያስጠናኝ፣ አራተኛ ፎቅ የተከራየው። ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። ኮሚቴው ሐሳቡን ተቀበለና ባለሐሳቡን ረሳው።

ሐምሌ 4

አባዬ ቦታውን አይቶ ተመለሰ። ቪዲዮውን በቲቪ አሳየን። ጉም… እንሰት… ከቀርከሃ የተሠሩ ረጃጅም ቤቶች… ቀሪው ሁሉ ገደል። ከዚያ መንደሩ መሀል ላይ ዱብ ያለ ጠፍጣፋ ሜዳ። አረንጓዴ። ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮበታል፣ ዳር ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ።

«ይህን እዩልኝ! ኮርነር!» አለ አባዬ። «መንገድ ዳር። አጥር የለው፣ ባለቤት የለው። እንዲህ ያለ ቦታ አያት ላይ ቢሆን…» እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

«የአካባቢው ሽማግሌዎች ምን አሉ?» ጋሽ ተካልኝ።

«‹እንነጋገርበት› አሉ።»

«ታዲያ መች እሺ አሉ?» እትዬ ፈለቀች።

«ኧረ እትዬ! በኛ ሥራ ‹እንነጋገርበት› ማለት ‹ተስማምተናል፣ ዋጋው ይስተካከል› ማለት ነው። እዚህ ደግሞ ዋጋ የሚባል የለም። ስለዚህ ተስማምተዋል።»

ጋሽ ተካልኝ «በመሠረቱ…» ብለው ጀመሩ። እሳቸው ‹በመሠረቱ› ካሉ ሻይ ድጋሚ መጣድ ነው። በመጨረሻ እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። ሲሚንቶና ብሎኬቱ ከመኪና የሚራገፈው እዚያው ሜዳ ላይ እንዲሆን ተወሰነ።

ሐምሌ 6

ቪዲዮውን ለቲቸር እዝራ አሳየሁት። የቤቶቹን ጣሪያ ሲያይ ፊቱ ፈክቶ ነበር። ሜዳው ሲመጣ ግን እርሳሱን አስቀመጠ።

«ይሄ ላይ ነው የሚሠሩት?»

«አዎ። ኮርነር ነው።»

አልሳቀም። ሁሌ ይስቅልኝ ነበር…

«ዱቡሻ ነው» አለኝ። የመንደሩ ሰው የሚቀመጥበት። የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው። ቃል የሚገባው እዚያ። አባቱና አጎቱ በድንበር ተኳርፈው ዓመታት ሳይነጋገሩ ኖረው፣ የታረቁት እዚያ ሣር ላይ ነው። ደግሞ እጅ ማውጣት ብሎ ነገር የለም። ሁሉም ሰው ይናገራል፣ ሁሉም እስኪስማማ ይቀመጣሉ። አንድ ሰው ከቀረ ነገሩ አላለቀም፣ በማግስቱ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

«ታዲያ ለአባዬ ለምን ‹አይሆንም› አላሉትም?»

«እንግዳ ነዋ። እንግዳን መንገድ ላይ አቁመው ‹አይሆንም› አይሉትም። ተቀምጠው፣ አስቀምጠው ነው የሚሉት። ‹እንነጋገርበት› ያሉት የምራቸውን እኮ ነው።»

የፊዚክስ መጽሐፉን ዘጋው።

«ሳሚ፣ እነዚህን ሰዎች ያመጣኋቸው እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ሲሚንቶው እዚያ ላይ ከተራገፈ አባቴ ፊት በምን ዓይኔ ነው የምቀመጠው? አባቴ አንጁሎ እኮ ነው… ዱቡሻውን የሚከፍተው።»

ሐምሌ 7

ለአባዬ ነገርኩት። መልስ፦ «አንቺ ልጅ፣ ፊዚክስሽን አጥኚ።»

እሱን ሳጠና አይደል እንዴ የሰማሁት?

ሐምሌ 10

ቲቸር ጋሽ ተካልኝ ቤት ድረስ ሄዶ ነገራቸው። «ወጣቱ ስሜታዊ ነው» ብለው ሸኙት። ልጁ የገዛ አገሩን ነገር ሲናገር ስሜታዊ፣ አባዬ ለኮርነር ሲያለቅስ ባለሙያ!

ማታ ስብሰባ ላይ ሻዩን እየቀዳሁ አነሳሁት።

«ጉዳዩ በአጀንዳ አልተያዘም» ጋሽ ተካልኝ።

«በምን ይያዛል?»

«አባል ሲያቀርበው።»

«እኔስ?»

«አንቺ ክንፍ ነሽ።»

ክንፍ ብቻውን የት ይበራል? ልላቸው ነበር። አባዬ በዓይኑ ቆነጠጠኝ።

ሐምሌ 13

ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ። ዝናብ። ታክሲ ጠፋ። ክፍት የነበረ ቦታ ሁሉ በቆርቆሮ ታጥሯል። የኛ ብሎክ መሀል ጋ ስደርስ ቆምኩ… ድሮ እዚያ ሜዳ ላይ ኳስ እንጫወት ነበር። ሰርግ ይደገስበት ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣልበት ነበር። አሁን የመኪና ማቆሚያ ነው። ማን ወሰነ? እማዬን ጠየቅኳት፣ አታውቅም። እትዬ ፈለቀችን ጠየቅኳቸው። «እኔ እንጃ ልጄ፣ አንድ ቀን ጠዋት ጠጠር ተራግፎበት አገኘነው» አሉኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ጠጠር ተራግፎ። በቃ። እንዲህ ነው እንዴ የሚያልቀው?

እዚያ እንዲህ አያልቅም። አይሆንም ብያለሁ። ምን እንደማደርግ ገና አላውቅም፣ ግን የሚራገፍ ነገር አይኖርም።

ሐምሌ 17

አገኘሁት!!

ማታ ስብሰባ። ጋሽ ተካልኝ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ ፍንጃላቸውን፣ ከዚያ እኔን። ማንቆርቆሪያውን እንደ ሕፃን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

«ሻይ የለም እንዴ ዛሬ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«ስኳር አልቋል?»

«ስኳርም አለ። ቀጂ ነው የጠፋው። ክንፉ ሥራ አቁሟል።»

አባዬ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ የማላውቀው ቀለም ሆነ። እትዬ ፈለቀች ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?» ጋሽ ተካልኝ።

ማንቆርቆሪያውን ሳልለቅ ተናገርኩ። «ሥራው ይቅር አላልኩም። መኪናው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቁም። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ሲሏችሁ ትቀመጣላችሁ። እስከዚያ አንድ ብሎኬት ሜዳው ላይ አይራገፍ።»

«ይህ የሥነ ሥርዓት ጥሰት ነው! በመሠረቱ…»

«ተካልኝ!» አሉ እትዬ ፈለቀች። «ልጅቷ መኪና ትንሽ ወዲህ ይቁም ነው ያለችው። ለዚህ ነው ጉሮሯችን የሚደርቀው? ደግሞ እኔስ ሰው ቤት ገብቼ መጋረጃ ስሰቅል መጀመሪያ አስቀምጡኝ አይደል የምለው? አልቀመጥም ያለ እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ ነው?»

ጋሽ ተካልኝ ማንቆርቆሪያውን አዩት። በእንፋሎቱ ተሸነፉ። መኪናው በር ላይ እንዲቆም «በሙሉ ድምፅ» ተወሰነ። አባዬ እጁን ያወጣው ግማሽ ድረስ ነው።

ለጋሽ ተካልኝ ሞልቼ ቀዳሁላቸው። አራት ስኳር። ጠላት ሲሸነፍ መንከባከብ ነው።

ሐምሌ 18

አባዬ አላናገረኝም።

ሐምሌ 19

አሁንም። ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪና ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቆመናል፣ የመስታወቱ መጥረጊያ ብቻ ነው የሚያወራው።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ ድንገት።

ይቅርታ ልለው አሰብኩ። ግን ውሸት ይሆናል። «ሜዳውን ልታዋርደው ነበር እኮ» አልኩት።

ከኋላ አንድ ሚኒባስ ጥሩምባውን ነፋ።

«ባዶ መስሎኝ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄን ያህል ዓመት ቦታ ሳሻሽጥ… ክፍት ነገር ሳይ ሌላ አይታየኝም መሰለኝ።»

አባዬ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሙድ ልይዝበት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁት። በሕይወቴ ትልቁ መሥዋዕትነት ነው ይህ፣ ይመዝገብልኝ።

ነሐሴ 6

አርባ ምንጭ። ነገ ሽቅብ። ጋሽ ተካልኝ ለተራራው ከረባት ይዘው መጥተዋል።

ነሐሴ 8

ዙማ!!!

ብርዱ… እጄ እስክሪብቶ አልይዝ አለ። መኪናው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ጋሽ ተካልኝ ውሳኔውን ስላከበሩ ይመስላቸዋል። እውነቱ፣ ጭቃው ነው ያስቆመው።

አቶ አንጁሎ ቀጭን ናቸው። ቡሉኮ ለብሰዋል፣ ንግግራቸው እንደ ልጃቸው ቀስ ያለ ነው። ቆጮ በዳጣ ቀረበ። ጋሽ ተካልኝ ዳጣውን፣ ያን የሚፋጅ በርበሬ፣ ቲማቲም መስሏቸው በማንኪያ ዛቁት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ‹በመሠረቱ› ማለት አልቻሉም።

ቲቸር እዚህ ሌላ ሰው ነው። ይሮጣል፣ ይስቃል። ግን አባቱ ፊት ሲደርስ ዓይኑ መሬት ነው። አቶ አንጁሎ ስለ ሜዳው አንድም ቃል አላነሱም። ስለ ጤናችን፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አዲስ አበባ ዝናብ ጠየቁ። አባዬ ሲጨነቅ አየሁት። ከሻጭም ከገዥም እንዲህ ያለ ዝምታ ገጥሞት አያውቅም። ሲሸኙን ብቻ፦ «ነገ እንቀመጥ።»

ነሐሴ 9

ዱቡሻው ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። እትዬ ፈለቀች ጃንጥላ ዘርግተዋል፣ እኔ ከጀርባቸው ነኝ፣ ማንም አያየኝም።

ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠናል። አቶ አንጁሎ መርቀው ከፈቱ። ሰው ሲናገር ማንም አያቋርጥም፣ እዝራ ያስተረጉማል። መጀመሪያ አባዬ ተነስቶ ዕቅዱን አስረዳ። የሚያቋርጠው ሲጠፋ ግራ ገባው። ክርክር የለመደ ሰው ዝም ሲሉት ወሬ ያልቅበታል ለካ…

ከዚያ የመንደሩ ሰዎች ተራ በተራ። እናቶችም ተጠይቀው ተናገሩ። ቤተ መጻሕፍቱን ይፈልጉታል፣ በጣም። እዚህ ላይ ግን አይሆንም። «እዚህ ቤት ከቆመ፣ ስንጣላ ወዴት እንሄዳለን?» አለች አንዷ። አባዬ አንገቱን ደፋ።

አቶ አንጁሎ ሌላ ቦታ አሳዩ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት። መጀመሪያ ግን በድንጋይ መካብ አለበት። ድንጋዩ ያለው ታች ወንዙ ጋ ነው። በሰው ጀርባ ነው የሚወጣው። ኮሚቴው ካሰበው በላይ መቆየት አለብን። እንቆያለን ወይስ ብሎኬቱን ትተን እንሄዳለን? እሱ ነው ጥያቄው።

ጋሽ ተካልኝ «ድምፅ ይሰጥበት!» ብለው እጃቸውን አወጡ። ማንም አላወጣም። አንድ ሕፃን ምን እያሳዩን ነው ብሎ ወደ ሰማይ አየ። ቀስ ብለው አወረዱት።

እንደገና ተራ በተራ። እትዬ ፈለቀች፦ «ጉልበቴ ድንጋይ አይችልም። የተሸካሚውን ምሳ ግን እችላለሁ። እቆያለሁ።» እዝራ ተነሳ፣ ያለውን በነሱ ቋንቋ ስለሆነ አልገባኝም፣ አባቱ ግን ቀና ብለው አዩት። ረጅም ጊዜ። ጋሽ ተካልኝ ተነሱ፣ ከረባታቸውን አስተካከሉ፣ «በመሠረቱ…» አሉ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። «…ይሁን።» ተቀመጡ! የሕይወታቸው አጭሩ ንግግር!

አባዬ፦ «ቦታው ባዶ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ድንጋዩን እሸከማለሁ።»

ጨረስን መሰለኝ። ዝናቡም ጀመረ። ግን ማንም አይነሳም… ለምን አይነሱም? ሽማግሌዎቹ ዝናቡን እንደ ዝንብ እሽ እንኳ አላሉትም።

እዝራ ዞሮ በሹክሹክታ «አንድ ሰው ቀርቷል» አለኝ።

ማን? ሁሉም ተናግሯል። ዙሪያውን ቆጠርኩ። ሁሉም ወደዚህ ነው የሚያዩት። ከኋላዬ ያለው ዛፉ ብቻ ነው… ዛፍ መቼም አይጠየቅም።

ኧረ በሞቴ። እኔ እኮ ክንፍ ነኝ!

እትዬ ፈለቀች ጃንጥላቸውን ወደ ጎን አነሱት። አባዬ ዞረ። ማስታወሻዬን አየ፣ እስክሪብቶውን አየ። አሁን «አንቺ ልጅ» ሊለኝ ነው። ዝናቡ ገጹን እያበላሸው ነው። አባዬ ግን አልተቆጣም፣ ትንሽ ወደ ጎን ተጠግቶ መቆሚያ ቦታ ለቀቀልኝና፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

«ሳምራዊት!»