የሰሎሜ ሰርግና የእንድርያስ ፈተና

ለእህቴ ለአሰፋሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ብርዱን ቻለው? ባልሽን ፍስሐን ሳሉ ተወው ወይ? እኔ ስኳሬን በኪኒን እየገራሁ፣ የማንንም እጅ ሳላይ አለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ አስማ ናት። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስታለቅሺ ስለምረታ ነው። የምታነብልሽም ልጅሽ፣ ሙሽራዋ ሰሎሜ መሆኗን አውቃለሁ። ሰሎሜ፣ አንድም ቃል እንዳታልፊ።

ባለፈው እሁድ ልጅሽ እንድርያስ ከቤተ ክርስቲያን ሲያመጣኝ፣ ቀይ መብራት ላይ እንደቆመ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ከኋላ ያሉት ጡሩምባ ሲነፉበት ነው የነቃው። ፓርክ አድርግ ብዬ ቡፎርድ ሃይዌይ ዳር አስቆምኩትና አፋጠጥኩት። ቀን ዩኒቨርሲቲ ይውላል፤ ማታ የሰው እራት በመኪና ሲያደርስ ያመሻል። ለሰርጉ አዳራሽና ለበሬው እልካለሁ ብሎሻላ። በዚህ መሀል ሁለት ትምህርት ወደቀ። አስተማሪው ጠርቶ፣ ጭንቅላትህ ደህና ነው፣ የጎደለህ እንቅልፍ ነው፤ የአሁኑን ፈተና ካላለፍክ ግን ዩኒቨርሲቲው ክፍያህን ያቆማል ብሎታል። ያ ከቆመ ዶክተርነቱ ቀረ ማለት ነው።

ልጄ እየተማረ ይከፈለዋል ብለሽ ለሰፈሩ እንዳወራሽ ሰምቻለሁ። አልዋሸሽም፣ ይከፈለዋል። ከቤት ኪራይና ከሽሮ ግን አያልፍም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው መጽሐፍ እንደማይገባው ለማወቅ ግን ፊደል አያሻም።

ስለዚህ ሰርጉን እኔ ችየዋለሁ። ስሞት ሬሳዬን አገር ቤት መላኪያ ብዬ፣ ፓርኪንግ እየጠበቅሁ ያስቀመጥኩት አለ፤ እሱን እልክልሻለሁ። አስማ ይህን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ አንሺና ጻፊ አልኳት። እኔን እዚሁ ይቅበሩኝ። የቻምብሊ አፈርም ሰው ያለብሳል። ሰሎሜ፣ አንቺም እዚህ ላይ ማልቀስ የለም፣ አንብቢ። በሬው ቀንዳም ይሁን፤ አጎቷ ለገሰ ዳራት ይባል።

ይህን እናንተ ብቻ እወቁት። እንድርያስ ገንዘቡ ከየት መጣ ካለሽ፣ አጎትህ ዕቁብ ወጣለት በዪው። ከእንግዲህ ሲደውል አዳራሽ፣ ድንኳን፣ በሬ የሚባል ነገር አታንሺበት። ተኝተህ አደርክ ወይ በዪው፤ ሌላ አትጨምሪ።

ፍስሐን ሳሚልኝ፤ ከበሬው ሽንጡ ለእሱ ይሁን። ሙሽራውን ባላውቀውም ሰላም በዪልኝ። ሰሎሜን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ስታነብ ድምፅዋ ካልተንቀጠቀጠ ደግሞ ጉንጯንም ጨምሪላት።

ወንድምሽ ለገሰ
ቻምብሊ፣ አትላንታ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.