ታናሹ ጀነሬተር

ይድረስ ከዓይኔ ብሌን ለይቼ ለማላይሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትይዣለሽ? እማዬስ እንዴት ናት፣ እንቅልፍ ይወስዳታል? እኔ ከናፍቆታችሁና አላርፍ ካለኝ ልቤ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ግን እንዳታምኚኝ፤ ይህችን ደብዳቤ ራሱ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው የምጽፋት።

የጉልበትሽን ቀዶ ጥገና ዳግመኛ አራዘምኩት ብለሽ ከላክሽብኝ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ምክንያቱን አልነገርሽኝም፤ እኔም አላጣሁትም። አንቺ ከተኛሽ እማዬን ማን ያነሳታል፣ ማን ያገላብጣታል?

እስቲ ስለ ሥራዬ ላውራሽ። የምሠራበት ሆስፒታል አዲስ ሕንፃ እየጨመረ ነው። ከመንገድ የሚገባው የመብራት መስመርና መብራት ሲጠፋ የሚተኩት መጠባበቂያዎቹ ይበቁ እንደሆነ ልታሰላ አንዲት መሐንዲስ መጥታለች፤ እኔ ኤሌክትሪሺያኑ መሰላል ተሸክሜ ከኋላዋ እዞራለሁ። ሁለት ጀነሬተር አለን፤ በአመጣጣቸው ታላቁና ታናሹ እንላቸዋለን። የጥገና አለቃችን አፉን ሞልቶ፣ የመብራቱን ጭነት ግማሽ ግማሽ ይካፈሉታል፣ ምን ችግር አለው አላት። እሷም ሳቅ ብላ፣ እንደዚያማ ከሆነ መጠባበቂያ የላችሁም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሙሉውን ብቻውን ካልተሸከመ ምኑን ተጠባበቀ አለችው። አለቃዬ ጆሮውን አከከ።

ከዚያ ታናሹን ለብቻው እንፈትነው አለች። እኔም ኮራ ብዬ፣ እሱንማ በየሳምንቱ አስነሳዋለሁ፣ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም አልኳት። ጭነት ታስይዘዋለህ ወይ አለችኝ። የት አስይዤው! ሕመምተኞቹ እንዳይጨልምባቸው እየፈራን ባዶውን አስነስተን፣ ድምፁን ሰምተን፣ እጃችንን ጠርገን ነው የምንሄደው። በማግስቱ መሐንዲሷ የመፈተኛ ማሽን አስመጥታ የሆስፒታሉን ያህል ጭነት ጫነችበት። ጥቂት አጓራ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። አልተቆጣችኝም። ባዶውን ሲጮህማ ማን የማይጎብዝ አለ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህቺ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣ አለች። እኔስ ለአንቺ ምንሽ ነኝ፣ እታለም? እሑድ እሑድ እደውላለሁ፣ አይዞሽ አለሁልሽ እላለሁ፣ ስልኩን ዘግቼ ወደ ምሳዬ እሄዳለሁ። ሸክሙን አስይዘሽኝ አታውቂም። እኔም ስላላስያዝሽኝ ደስ ብሎኝ ኖሬያለሁ።

ስለዚህ አንቺ ታክመሽ እስክትነሺ እማዬን ላስታምም ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ፣ ታናሹ ሳይጠገን ወዴት ነው ብሎ ተነጫነጨ። ሌላም ታናሽ አለ ጥገና የሚያስፈልገው አልኩት፤ አልገባውም። ቢሆንም ፈርሞልኛል። አንቺ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂና ቀጠሮሽን አስይዢ፤ እንደ ልማድሽ ደግሞ ብታራዝሚ እንጣላለን። ስመጣ እንግዳ አታድርጊኝ። አልጋሽ ላይ ሆነሽም፣ ተው አንተ አትችልበትም፣ እኔ ላድርገው እያልሽ አትነሺብኝ፤ አመልሽን አውቀዋለሁ። እችለው ይሆን እያልኩ እፈራለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን እስካልሞከርኩት ድረስ አንቺም እኔም አናውቅም።

ለትንሿ ልጅሽ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ከጎኗ ፍራሽ ትዘርጋልኝ፣ አንኮራፋለሁና ከአሁኑ ትቻለው። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ አንቺን ሆስፒታል ድረስ እንድትሸኝሽ እንደለመንኳት ንገሪያት። ለእማዬ እጇን ሳሚልኝ። ልጅሽ እየመጣ ነው በያት፣ ግን አንድ ነገር ሳትረሺ መልሺልኝ፤ ከአልጋ ስታነሺያት በየት በኩል ነው የምትይዣት፣ በቀኟ ነው በግራዋ? እናቴ ናት፣ እኔ ግን ይህን እንኳ አላውቀውም።

ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ የጥገና ክፍል
ኅዳር ፲፬ ቀን