በበረኪና የታጠበው ማጣሪያ

ሰኞ

ጭራሽ ቲሸርት አሠሩልን! ደረቱ ላይ «የውሃ ምሕንድስና ምርምር ክፍል»፣ ጀርባው ላይ «ለማኅበረሰብ ለውጥ»። አርብ ለጋሾቹ ከወንዙ ማዶ ሸሪካት ሰፈር ያቆምነውን የአሸዋ ማጣሪያ ሊያዩ ስለሚመጡ ለብሰን እንድንሰለፍ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ድንኳን ያክላል።

ስብሰባው ግማሽ ቀን ፈጀ። ስለ ንጹሕ ውሃ እያወራን ሁላችንም ፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። የክፍሉ ኃላፊ እንደኔው ከአገር ቤት የመጣ ያገሬ ልጅ ነው፣ ዶክተር ሀብታሙ። «ኢምፓክት» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ኢምፓክት ማለት ለእሱ ፎቶ ነው። ማጣሪያው ከተሠራ ወዲህ ድልድዩን የተሻገረው ፎቶ ለመነሳት ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ሸሪካት ዋልኩ። ጭቃው የተሳፈርኩበትን ቦዳቦዳ ሞተር ሊውጠው ነበር፣ ግማሹን መንገድ በእግሬ ገፋሁት።

ማጣሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ማማ አቾል ገና ሳታየኝ ጮኸች፤ «ሞዮ ታና ክዌይስ!» በዚህ አገር አረብኛ ውሃችን ጥሩ ነው ማለቷ ነው። የልጅ ልጇን አሳየችኝ። ባለፈው ክረምት ተቅማጥ አጥንቷን አውጥቷት ነበር፣ አሁን ጉንጯ ሞልቷል። ደስ አለኝ፣ ምን ይደበቃል! በዚህ ክፍል ውስጥ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይህች ልጅ ብቻ ናት።

አሸዋው ላይ ያለው አረንጓዴ ልጋግ ወፍሯል። ሲያዩት ያስጠላል፤ ተህዋሲያኑን የሚበላው ግን እሱ ነው። እንደ እርሾ ነው፣ እሱ ከሌለ አሸዋው ባዶ አሸዋ ነው። በየቀኑ የወንዝ ውሃ እየመገብኩ ለሳምንታት ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ገደሉት!

ዶክተር ከፎቶ አንሺው ጋር ቀድሞኝ ሄዶ ልጋጉን አይቷል። «ይሄ ለእንግዳ ይታያል እንዴ?» ብሎ አስፍቆ፣ አሸዋውን በበረኪና አሳጥቦ ጠበቀኝ። ነጭ ሆኗል፣ ያብለጨልጫል። አይ ምሁር! እርሾ ደፍቶ ቡሃቃ የሚያጥብ ሊቅ አየሁ።

«ዶክተር፣ የሚያጣራው እሱ እኮ ነበር» አልኩት። ያውቃል! መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው።

«መልሰሽ ታበቅይዋለሻ፣ የኔ እህት። ሪፖርቱ እንደሆን ባለፈው ውጤት ተጽፏል።»

«እስከዚያ ሰዉስ ምን ይጠጣ?»

«ድሮስ የወንዝ ውሃ አልነበር እንዴ ሲጠጡ የኖሩት?»

ቧንቧው ልጋጉ እስኪመለስ ይዘጋ ስለው ደግሞ፣ እንግዶች የሚመጡበትን ነገር እንዴት ትዘጊዋለሽ ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሥራ ፈቃዴ የሚታደሰው በክፍሉ ስም መሆኑን አስታወሰኝ። እንደ ወንድም ምክር! ቱ!

ሐሙስ

ሸሪካት አልሄድኩም። ቢሮ ተቀምጬ የባነር ፊደል ሳርም ዋልኩ።

ማማ አቾል ጋ ደወልኩ፣ አላነሳችም። ደግሜ አልደወልኩም።

ሃይ ማላካል ሰፈር አብራኝ የምትኖረው ትርሲት፣ ምግብ ቤት ነው የምትሠራው፣ «አፍሽን ዝጊ፣ በሰው አገር ጀግና አትሁኚ። ይልቅ ጸልዪበት» አለችኝ። ጸለይኩ። ጌታ ያለኝን እኔም ሳልጸልይ አውቀዋለሁ።

አርብ

ድንኳን፣ ባነር፣ ጆሮ የሚበሳ ሙዚቃ። ሁላችንም በቲሸርታችን እንደ ትምህርት ቤት ልጆች ተደርድረናል። ዶክተር ተናገረ፣ ተጨበጨበለት፣ ደግሞ ተናገረ።

ከዚያ ብርጭቆ ሞልተው ለማማ አቾል ሰጧት፣ ካሜራው ፊት እንድትጠጣ። ተቀበለችና ወደ ዶክተር ዘረጋችለት። ደጋሹ ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም፣ እዚህም ወጉ እንደኛው ነው። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ዶክተርም ሳቀ። ብርጭቆውን አነሳ፣ ከንፈሩን አስነካ። ጉሮሮው ግን አልተንቀሳቀሰም።

አየሁት። ማማ አቾልም አየችው። ዞራ ግን ያየችው እኔን ነው።

ከሰልፉ ወጣሁ። «ማማ፣ ሞዮ ደ ማ ክዌይስ! ውሃው ጥሩ አይደለም፣ ሳታፈሉ አትጠጡ!» አልኩ በዚያ በተሰባበረ አረብኛዬ። ከእንግዶቹ አንዷ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ፣ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። ዶክተር «ጥቃቅን ቴክኒካል ጉዳይ ነው» እያለ ፈገግ ለማለት ታገለ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እፊቱ ደፉት፣ የተወለወለ ጫማው ጭቃ ጠጣ። ያቺን ቅጽበት በደንብ አየኋት፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ

የዶክተር መልእክት፤ «ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ። የፈቃድሽን ፋይል ይዘሽ ነይ።» ሰኞ የራሱ ጉዳይ ነው።

ቲሸርቴን ይዤ ሸሪካት ሄድኩ። ማንም ረስቶ እንዳይከፍተው ቧንቧውን ጥፍር አድርጌ አሰርኩበት። ቲሸርቱ ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሴቶቹ ተራ ገብተው የወንዝ ውሃ አሸዋው ላይ ያፈሳሉ፤ ለመጠጥ ሳይሆን ልጋጉ እንዲመለስ። እኔ አልነገርኳቸውም፤ ለካ ስመግበው አይተው ኖሯል።

ማማ አቾል ግን አልጮኸችልኝም። ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ከትናንት ሌሊት ጀምሮ ተቅማጥ ይዟታል።

ጨውና ስኳር በጥብጠን ማንኪያ በማንኪያ አጠጣናት። መጀመሪያ መለሰችው፣ በኋላ ያዘላት። አመሻሽ ላይ ዓይኗን ገልጣ ሻይ ጠየቀች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ልሄድ ስነሳ ማማ አቾል ጠየቀችኝ።

«ረቡዕ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«እኛ ሐሙስ ጠጣን። አንቺ ሐሙስ ምን ጠጣሽ?»

«የታሸገ» አልኳት።