የጋሼን ዕረፍት እና የአቶ ኒቆዲሞስን በሕይወት መኖር ስለማሳወቅ

የሐረር የቆዩ መኪኖችና ሞተር ብስክሌቶች ባለቤት ቤተሰቦች ማኅበር፣ የረጅም ዘመን አባሉና የዓመታዊ ሰልፉ ድምቀት የነበሩት ጋሼ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ሸዋ በር ገበያ መግቢያ ላይ በድንገት ቀጥ በማለታቸው የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን ይገልጻል።

ጋሼ ክሬም ቀለም ያላቸው ባለ አራት በር ፔጆ 404 ነበሩ።

ማኅበሩ ይህንን በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈለገው በምክንያት ነው። በዚያው ማክሰኞ በችኮላ ባወጣነው የመጀመሪያ መግለጫ፣ ያረፉት የመኪናው ባለቤት አቶ ኒቆዲሞስ እንደሻው እንደሆኑ ገልጸን ነበር። አቶ ኒቆዲሞስ አላረፉም። ሐኪም ጋራ በሚገኘው ቤታቸው ናቸው፤ ምሳቸውን በልተዋል፤ በማኅበሩም ላይ በሙሉ ጤንነት ተቆጥተዋል። ለተፈጠረው ስህተት እሳቸውን፣ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ራሔልንና ጡሩምባ ሰምቶ ሱቁን ዘግቶ የመጣውን የአቦከር ሰፈር ነዋሪ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስህተቱ የተፈጠረው እንደሚከተለው ነው። የፊታችን እሁድ የምትሞሸረው ልጃቸው ገሊላ፣ ለሰርጉ የሚሆን ሪባን ልትገዛ በጋሼ ወጥታ ነበር። ጋሼ ሸዋ በር ሲደርሱ አንድ ጊዜ አጉረመረሙ፣ ነጭ ጭስ ተነፈሱ፣ አበቃ። ገሊላም ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ አቶ ዓሊዪ ቡሽራ ደውላ፣ «ጋሽ ዓሊዪ፣ ጋሼ ቀጥ አሉ! ሰው ከቧቸዋል፣ እኔ ኮፈኑን ይዤ ቆሜያለሁ፣ ቶሎ ድረሱልኝ!» ትላለች። ኮፈኑን የያዘችው መደገፊያው ብረት ስለተሰበረ ነው። ሊቀመንበሩ ግን የጫት ሻጩ፣ የረዳቱና የሚኒባሱ ክላክስ ድምፅ ተደባልቆባቸው «ኮፈኑን» የሚለውን «ከፈኑን»፣ የሙስሊም አስከሬን የሚጠቀለልበትን ነጭ ጨርቅ፣ ብለው ሰሙት። ሰፈሩ ሁሉ አቶ ኒቆዲሞስን ጋሼ እንደሚላቸው ያውቃሉ። ቀጥ ያለ ሰው አለ፣ ከፈንም ተይዟል። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ስልኩን ዘጉት። ክርስቲያን በከፈን እንደማይቀበር ያስታወሱት ዘግይተው ነው፤ በዚያን ሰዓት የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል።

አቶ ኒቆዲሞስ በበኩላቸው ገሊላ ደውላላቸው ገመድ ይዘው ወደ ሸዋ በር ወርደው ነበር። ስለዚህ ቤታቸው በር ላይ ለራሳቸው ሀዘን የተተከለው ድንኳን ዘንድ የደረሱት በአይሱዙ እየተጎተቱ፣ በጋሼ መሪ ላይ ተቀምጠው ነው። ሕዝቡን አዩ። ድንኳኑን አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በመስኮትም ወጣ ብለው፣

«ምን ልበላችሁ፣ ወገኖቼ! እንዲህ እንደምትወዷቸው አላውቅም ነበር» አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ጩኸት በመግለጫ ማስፈር አይቻልም። ሊቀመንበሩ ግን ሌላው ሲሸሽ ቆመው በመቅረታቸው ሊመሰገኑ ይገባል፤ «ኒቆዲሞስ፣ የሞትከው አንተ አይደለህም እንዴ?» ሲሉ ጠይቀዋል። «ጋሼ ናቸው እንጂ! ዓይንህ አያይም?» የሚል ምላሽም አግኝተዋል። ወ/ሮ ራሔል ከጓሮ ወጥተው፣ «ለየትኛው እንደምታለቅሱ ንገሩኝና ልብሴን ልቀይር» ብለዋል።

አቶ ኒቆዲሞስ መነጽራቸውን አድርገው ድንኳኑ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን የመጀመሪያ መግለጫ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ሁለት ቅሬታ አቀረቡ። አንደኛው፣ «ያላቸውን የማይሰስቱ» መባላቸው ነው፤ ክሪካቸውን ለማንም አውሰው እንደማያውቁና ወደፊትም እንደማያውሱ በማኅበሩ ፊት አረጋግጠዋል። ሁለተኛውና ከባዱ ግን፣ በሙሉው ጽሑፍ ውስጥ ስለ ጋሼ የተጻፈው «አንድ መኪናም ነበራቸው» የሚል ብቻ መሆኑ ነው። «እኔ ብሞት ይህችን ጻፉልኝ፣ ቅር አይለኝም። እሳቸውን ግን እንደዚህ አትሸኟቸውም» ብለዋል። ይህ ሁለተኛው መግለጫም የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋሼ ትውልዳቸው ፈረንሳይ ሲሆን፣ በጅቡቲ በኩል በባቡር ድሬዳዋ ገብተው ሐረር የደረሱት በ1958 ዓ.ም. ነው። ያመጧቸው ከሸዋ ተመድበው የመጡት መቶ አለቃ እንደሻው፣ የአቶ ኒቆዲሞስ አባት፣ ነበሩ። መቶ አለቃ ያኔ ላጤ ስለነበሩ ጋሼ የቤቱ የመጀመሪያ ቤተሰብ ናቸው ማለት ነው።

በ1959 ዓ.ም. ወ/ሮ ገላነሽ በጋሼ ተሞሽረው ገቡ። በዓመቱ አቶ ኒቆዲሞስ ሲወለዱ፣ እናት ልጃቸውን «ካንተ በፊት እዚህ ቤት የገባን አንተ አይባልም» ብለው አሳደጓቸው። ጋሼ የሚለው ስም ከዚያ መጣ። እስከ ዛሬ በዚያ ቤት ጋሼ «ተበላሹ» አይባሉም፤ «ዛሬ አልተመቻቸውም» ይባላሉ።

በ1969 ዓ.ም. መኪና ሁሉ ለዘመቻ ሲፈለግ፣ ጋሼ አራት ጎማቸው ወልቆ ድንጋይ ላይ በመቀመጣቸው በጤና ምክንያት ቀርተዋል። ጎማዎቹ የት እንደነበሩ መቶ አለቃ እስኪሞቱ አልተናገሩም። ወ/ሮ ገላነሽ የተኙበት አልጋ ግን በዚያ ዓመት ከፍ ብሎ እንደነበር ጎረቤት ያስታውሳል።

በ1984 ዓ.ም. ወ/ሮ ራሔልን አመጡ። በመንገድ ላይ ሙሽራው ሦስት ጊዜ ወርደው ካንዴላ አጽድተዋል። ሙሽሪትም ማንን እንዳገቡና ማን ላይ እንደተደረቡ በዚያው ቀን ተረድተዋል።

ወንድሞቻቸው የሆኑት ሌሎች ፔጆዎች በከተማችን ታክሲ ሆነው ሲደክሙ፣ ጋሼ ከቤተሰቡ ውጭ የጫኑት ምጥ የያዛትን ብቻ ነው። ሞተራቸውን አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ እያሳዩ ሲፈቱትና ሲገጥሙት ኖረዋል። ገሊላ ካርቦራተር ማጠብ የተማረችው ሳህን ከማጠቧ በፊት ነው። ይህንን የተናገሩት እናቷ ሲሆኑ፣ ለማመስገን አልነበረም።

ወደ ዋናው ሀዘን እንመለስ። አቶ ኒቆዲሞስ ገና ገሊላ ስትወለድ፣ ከዚህ ቤት ሙሽራ የምትወጣው በጋሼ ብቻ ነው ብለው ቃል ገብተዋል። ልጅቱም አያቷና እናቷ በተቀመጡበት ወንበር መቀመጥን ስታልም አድጋለች። አሁን ሞተሩ ነክሷል፤ ቢገፉት አይዞርም። ሊቀመንበሩ ኮፈኑን ከፍተው ካዩ በኋላ፣ «ወላሂ፣ ይኼ በእሁድ አይደለም፣ በሌላ እሁድም አይነሳም» ሲሉ ወስነዋል። የሙሽራው የአቶ ኃይለመስቀል ወገኖች ይህንን ሲሰሙ አበባ የታሰረለት አዲስ ነጭ መኪና እንደተከራዩ አሳወቁ። አቶ ኒቆዲሞስም በኪራይ መኪና ልጃቸውን እንደማይሸኙ፣ እሁድም በር ዘግተው እቤታቸው እንደሚቀመጡ አሳወቁ። ገሊላ፣ «አባባ፣ ጋሼም አንተም ካልመጣችሁ እኔስ የማን ሙሽራ ነኝ?» ብላ የጋሼ የኋላ ወንበር ላይ ገብታ በሩን ዘጋች። የዚያ በር መክፈቻ ከውጭ ስለማይሠራ ሽምግልናው በመስኮት ሆነ።

በዚህ መካከል ሊቀመንበሩ አንድ ነገር አስታወሱ። ማክሰኞ ዕለት፣ ነገሩ ሳይጣራ በፊት፣ ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ሙሽራው ኃይለመስቀል ነበር። ምሰሶ አቅፎ «አባቴን!» እያለ ሲያለቅስ ሦስት ሰው ነው የያዘው። አቶ ኒቆዲሞስ ይህንን አልሰሙም ነበር።

«ለእኔ?» አሉ።

«ላንተ! እኔም ገርሞኛል» አሉ ሊቀመንበሩ።

አቶ ኒቆዲሞስ ሙሽራውን አስጠርተው ትከሻውን ዳበሱ፤ ክንዱንም ጨበጥ ጨበጥ አድርገው መረመሩ። «ለእኔ እንዲህ ያለቀሰ ልጅ፣ ጋሼን ለመግፋት አያንስም» አሉ። ኃይለመስቀልም፣ «ጋሼ፣ እስከ ቤተክርስቲያኑ በር እገፋዎታለሁ» ሲል መለሰ። ለየትኛው ጋሼ እንደመለሰ አልታወቀም፤ ሁለቱም ተስማምተዋል።

ስለሆነም ማኅበሩ የሽኝት መርሐ ግብሩን እንደሚከተለው ያሳውቃል። የቀብር ሥነ ሥርዓት የለም። ጋሼ የፊታችን እሁድ ጠዋት፣ ታጥበውና ሪባናቸውን አስረው፣ ሙሽራዋን ከኋላ ወንበር አሳፍረው፣ ማርሻቸው ከጥርስ ወጥቶ ፎሌ ሆኖ ከሐኪም ጋራ ቁልቁል ይለቀቃሉ። መሪ የሚይዙት በሕይወት ያሉት አቶ ኒቆዲሞስ ናቸው። ፍሬኑን ሊቀመንበሩ ሁለት ጊዜ ፈትሸው፣ በሞተ አካል ላይ እንዲህ ያለ ፍሬን አይተው እንደማያውቁ መስክረዋል። ቁልቁለቱ ሲያልቅ እስከ ቤተክርስቲያኑ ያለውን የሚገፋው ለቅሶ የመጣው ሕዝብ ነው። ሙሽራው የኋላውን ፓራውልት የግራ ጫፍ ይይዛል። ወ/ሮ ራሔል ጎን ጎን እየሄዱ ለየትኛው እንደሆነ ሳይለዩ እልል ይላሉ። አባላት ቬስፓዎቻችሁን እየነዳችሁ እንድታጅቡ፣ ጭስ የሚያበዙት ከኋላ እንዲሆኑ እናሳስባለን። የተከራየው ነጭ መኪና መጨረሻ ላይ ሆኖ ጫማና ኮት ይይዛል።

ድንኳኑ አይነቀልም፤ ለሰርጉ ይሆናል። ጥቁር የለበሰ ሰው እንዲገፋ አይፈቀድም።

ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን፣ ለገፊዎች ጉልበትን እንመኛለን፤ ለጋሼ ደግሞ ቁልቁለቱን ያብዛላቸው።

የሐረር የቆዩ መኪኖችና ሞተር ብስክሌቶች ባለቤት ቤተሰቦች ማኅበር
ሐረር