ክሊኒካችን ቅርብ መሆኑን ስለ ነገራችሁን

ለክቡር የሐይቅ ዳር አውራ ጎዳናዎች ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ አዲሱ አስፋልት የለሰለሰ፣ ዕድሜዎም እንደ አጥሩ ብረት የጸና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔ በኪሱሙ ከተማ ዳርቻ የካዴሮ መንደር ልብስ ሰፊ ሄዝቦን ኦጉቱ ከነጎረቤቶቼ አክብሮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ዘመዶቻችንም ደኅና መሆናቸውን በስልክ ነግረውናል።

በቅድሚያ ስለ መንገዱ እናመሰግናለን። ድሮ ወደ ክሊኒኩ የምንሄደው በአቧራ መንገድ ስለ ነበር፣ ሰው ሁሉ እየቆመ ሰላምታ በመለዋወጥ ጊዜውን ያባክን ነበር። መንደሩን ለሁለት የከፈለው ባለ አራት መስመር ጎዳና፣ ግራና ቀኙን በብረት ታጥሮ፣ ከዚህ ሁሉ ገላግሎናል። ክሊኒኩ ዛሬም ከደጃፌ ይታያል፤ ለመድረስ ግን እስከ ስኳር ፋብሪካው መዞሪያ ሄዶ በማዶ መመለስ ነው። ቃል የገባችሁልን የእግረኛ ድልድይም በሥዕሉ ላይ እጅግ ያምራል።

አንደኛው ቅሬታዬ ትንሽ ነው። ባለፈው የዝናብ ወራት «የትራንስፖርት ጂኦግራፊ፦ ዛሬ ያለበትና ነገ የሚያመራበት» ብላችሁ በሐይቁ ዳር ሆቴል ባዘጋጃችሁት ጉባኤ፣ የማኅበረሰብ ተወካይ ተብዬ መጋበዜን አልረሳም። የተጠበሰ ዓሣ በላሁ፤ ቀይ ቆብም ተሸለምኩ። ዶክተር ዋንጃላ የተባሉ ትሑት ወጣት ባለሙያ በግድግዳው ላይ የተደራሽነት ካርታ ሲያሳዩን፣ ካዴሮ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆና አየኋትና እጄን አወጣሁ።

«ይቅርታ ዶክተር፣ መንደራችን ለምን አረንጓዴ ሆነች?»

«ለክሊኒኩ ቅርብ ስለሆናችሁ ነው፣ አባቴ።»

«አጥሩንስ አይታችሁታል?»

«አጥሩ በሚቀጥለው ጥናት ይካተታል።»

አብራኝ የመጣችው ዓሣ ነጋዴዋ ማማ ፔረስ ከኋላዬ ብድግ አለች። «እስከዚያ ወፍ እንሁንልህ፣ ልጄ?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ዶክተሩም ሳቁ። ከዚያ ወደ መጪው ዘመን ተሻገሩና መድኃኒት በሰው አልባ አውሮፕላን ከሰማይ እንደሚወርድልን አስረዱን። እኔም አጨበጨብኩ።

ሁለተኛው ቅሬታ የምራቴ የሌንሰር ነው፤ ጥፋቱም የእርሷ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥናቱ እስኪጠናቀቅ መታገሥ አቅቷት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምጥ ያዛት። ልጄ ለሥራ ናይቫሻ ነበር። የጠራነው ባለ ሞተር መዞሪያው ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ መዘጋቱን ነገረን። ስለዚህ ማማ ፔረስ ምራቴን ደግፋ፣ እኔም ያን ቀይ ቆብ አድርጌ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከን ገባን። ሁለቱን መስመር ተሻገርን። የመንገዱ አካፋይ ላይ ስንደርስ ሌንሰር ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃም አልሄደችም።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ በእኛ በሉኦዎች ዘንድ አማት ምራቱን እጇን እንኳ አይጨብጥም። ስለዚህ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደሚመጡት መኪኖች አዙሬ፣ ቆቡን አውልቄ ማወዛወዝ ጀመርኩ።

«አባባ፣ እንዳይዞሩ!» ትላለች ሌንሰር።

«አልዞርም ልጄ! መኪናውን ነው የማየው!»

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ማማ ፔረስ፣ «ከፍ አድርገህ አወዛውዝ እንጂ! ዝንብ ነው የምታባርረው?»

«ከዚህ በላይ እጄ አይደርስም!»

የመኪኖቹ ንፋስ ኮቴን ይገልባል። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። በመጨረሻ አንድ የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ፍሬን ይዞ መኪናውን አግድም አቆመልንና ብርድ ልብሱን ወረወረልን። ወዲያው የሕፃን ድምፅ ሰማሁ። እኔ ግን አልተደሰትኩም፤ ማማ ፔረስ እልል አላለችምና። የሌንሰር ደም አልቆም ብሎ ኖሯል። ነርሷ ጩኸታችንን ሰምታ ከነነጭ ጋዋኗ አጥሩን ባትዘል ኖሮ፣ ይህ ደብዳቤ እንዲህ በትሕትና ባልተጻፈም ነበር።

ሁለቱም ተርፈዋል። ሕፃኗን አዮ አልናት፤ በመንገድ ላይ የተወለደች ማለት ነው። አያቶቻችን ይህን ስም ሲያወጡ የገበያ መንገድ እንጂ የእናንተን አላሰቡም።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው። ወሬው በደረሳችሁ ሳምንት ሠራተኞቻችሁ መጥተው የአጥሩን ቀዳዳ በብየዳ ደፈኑት፤ «እግረኛ ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍም ተከሉበት። ለዓመታት ደብዳቤ ስንጽፍ መልስ ላጣን ሰዎች ይህ ፍጥነት ዕንባ የሚያስመጣ ነበር።

ለእግሮቻችን ስላላችሁ ጥልቅ ዕውቀት ምስጋናዬ ወሰን እንደሌለው እየገለጽኩ፣ ከዚህኛው ወገን ሆኜ ቀዩን ቆቤን ከፍ አድርጌ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ሄዝቦን ኦጉቱ፣ የአዮ አያት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ የዓሣ ነጋዴ ሴቶቹ አጥሩን በሁለቱም ወገን በመጋዝ ከፍተው፣ ከቤተ ክርስቲያን እድሳት በተረፈ ነጭ ቀለም አስፋልቱ ላይ የእግረኛ ማቋረጫ ቀብተዋል። መስመሩ ትንሽ ቢንሻፈፍም ሾፌሮች መቆም ጀምረዋል። ልታጠፉት እንደምትመጡ ሰምተናል፤ ሴቶቹ አንድ ልመና ብቻ አላቸው፤ ስትመጡ በእግራችሁ፣ ነፍሰ ጡር ሚስቶቻችሁንም ይዛችሁ፣ ከእኛ ወገን ወደ ክሊኒኩ ተነሡ።