የመምህር ጫላ ቶሚ ሕይወት እና ያልነገርናቸው ነገር

መምህር ጫላ ከአባታቸው ከአቶ ቶሚ ዋቅጅራና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺወርቅ ነገሮ ኅዳር 3 ቀን 1954 ዓ.ም. በወለጋ፣ ደምቢ ዶሎ ከተማ ተወለዱ። ከስድስት ልጆች በኩሩ እሳቸው ናቸው፤ ይህን የምጽፈው እኔ ኤልሳቤት የመጨረሻዋ ነኝ። ጻፊ ስባል እምቢ ብዬ ነበር። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስደርስ ትረዱታላችሁ።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን እዚያው ተምረው በ1974 ዓ.ም. ኮተቤ መምህራን ኮሌጅ ገቡ። በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በዲፕሎማ ተመርቀው ጊምቢ ላይ ስምንት ዓመት አስተማሩ። በ1984 ዓ.ም. ክፉ ቀን ሲመጣ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገቡ። ዲፕሎማቸው ጊምቢ ቀርቷል፤ መምህር ነኝ ቢሉ ማን ይስማቸው!

ባልደረቦቻቸው ዛሬ እዚህ ቀብራቸው ላይ አብረውን የቆሙት የናይሮቢው ኮሌጅ መጀመሪያ የቀጠራቸው የኳስና የመረብ ዕቃ ቤት ጠባቂ አድርጎ ነው። ዕቃ ቤቱን ቆልፈው ሜዳ ይወርዱና ሯጮቹን ሳይጠየቁ ያሠለጥኑ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ረዳት አሠልጣኝ ሆኑ፤ እየሠሩ ዲግሪያቸውን ጨረሱ፤ በ1995 ዓ.ም. ወደ መምህርነታቸው ተመለሱ። በ2003 ዓ.ም. የኮሌጁ የስፖርት ክፍል ኃላፊ ሆነው ተሾሙ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ አገለገሉ።

በተሾሙ ሳምንት ከቡድን የተቀነሱ ልጆች ስም በቦርድ ላይ መለጠፉን አስቀሩ። እያንዳንዱን ቢሯቸው አስቀምጠው ራሳቸው ይነግሩታል። አልቅሶ የወጣ አለ፣ በሩን በላያቸው ላይ ድርግም አድርጎ የዘጋ አለ። “ክፉ ወሬ ከባለቤቱ አይደበቅም” ይሉ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሐሊና ወርቁ ጋር በጋብቻ ተጣምረው ሔኖክንና አቢግያን ወለዱ። ናይሮቢ ካሳራኒ ሰፈር የገቡት ለስታዲየሙ ሲሉ እንጂ ለቤቱ ብለው አይደለም እያለች ሐሊና ትቀልድባቸው ነበር።

ባለፈው ጥር ሆዳቸውን ታመው ተመረመሩ። የጨጓራ ካንሰር ነበር፤ ተሰራጭቷል። ሐኪሙ ሊነግራቸው ሲል “እኛው እንነግራቸዋለን” ብለን ለመንነው፤ አመነን። ከሰኔ ብዙም እንደማያልፉ ለእኛ ነገረን። በእኛ ወግ ለታማሚ እንዲህ ያለ ቃል አይነገርም፤ ተስፋ ይቆርጣል እንላለን። ጨጓራ ነው አልናቸው።

አቢግያ ብቻ ተቃወመች። “አክስት፣ ዳዲ ማወቅ አለበት፤ ኢትስ ሂዝ ላይፍ፣ የራሱ ሕይወት ነው” አለችኝ። “አንቺ እዚህ ያደግሽ ነሽ፣ ወጋችንን አታውቂም” ብዬ አፏን ያዘጋኋት እኔ ነኝ። ልጄ፣ ዛሬ በሰው ፊት እላለሁ፦ ልክ ነበርሽ።

ጋሼ ለየካቲት ፈቃድ ወስደው ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ያላዩአቸውን እናታችንን ሊያዩ፣ ደምቢ ዶሎ ሊሄዱ ነበር። ጨጓራ መሆኑን ሲሰሙ ግን ፈቃዱን ሰረዙት። “ጨጓራ ከሆነማ ምን ያስቸኩለኛል? የሐምሌው የኮሌጆች ውድድር ይለፍና ጷጉሜን እሄዳለሁ” አሉ። እዚያው እኔ ፊት ስልክ ደውለው ለእማዬ ቃል ገቡላቸው። “አሁን ሂድ፣ ጋሼ” ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሻዬን ጠጣሁ።

በሰኔ መግቢያ ሲደክሙ “ኤልሲ፣ ይሄ ነገር ጨጓራ ብቻ ነው?” አሉኝ። “አታሟርት፣ በርበሬውን ተው እንጂ” ብዬ ሣቅሁባቸው። ከሳምንት በኋላ ትኬት ቁረጡልኝ ቢሉ ሐኪሙ በአውሮፕላን መሄድ አይችሉም አለ። ያን ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። ያወቁት ያን ቀን ይመስለኛል፤ ከማናችንም አፍ ግን አልሰሙትም።

መምህር ጫላ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አምስት ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም የሰማንያ ዓመቷ እናታቸው አሉ።

እናታችን ይህ ሲነበብ ገና አልሰሙም። ለጷጉሜን ብለው ቤቱን አስመርገዋል፤ አልጋም አስነጥፈዋል። መርዶው የሚነገራቸው ሐሙስ ማለዳ ነው። እስከዚያ ማንም ወደ ደምቢ ዶሎ እንዳይደውል፣ የቀብሩንም ፎቶ በቴሌግራም እንዳይለቅ አደራ እንላለን። ሽማግሌዎቹ “ድንገት ነው በይ” ብለውኛል። አልልም። ነገ እበራለሁ፤ ሐሙስ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ከጥር ጀምሮ ማወቄን በገዛ አፌ እነግራቸዋለሁ።

ጌታ የወንድማችንን ነፍስ በዕረፍቱ ይቀበልልን፤ ለእናታችንም ከሐሙስ በኋላ ላለው ቀን ጉልበት ይስጥልን። አሜን።