ከባዱ ኤስኤስዲ

ሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬም እንደ ልማዱ አልነሳም አለ። ማብሪያውን ተጭኜ፣ ሱቁን ጠርጌ፣ የጥልፍ ማሽኑን ዘይት ቀብቼ፣ ክሮቹን በየቀለማቸው ደርድሬ ስመለስ ኮምፒውተሩ ገና ያቺን ክብ እያሽከረከረ ነው። አንድ ጥልፍ ለመክፈት ደግሞ ሌላ ዕድሜ ይፈልጋል። በንዴት ገጭ አደረግኩት፤ አልጠቀመም።

የሙሽራዋ እናት ሁለቴ ደወሉ። ሠርጉ ጥር 18 ነው። የሙሽራዋ ቀሚስ አለ፣ የስምንት ሚዜዎች ቀሚስ አለ። ጥለቱን ራሴ ነኝ የሣልኩት፤ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ከአሥራ አንድ ዓመት ጥልፎቼ ጋር እዚሁ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ሌላ ቦታ የለም፤ አውቄ ነው። አምና አንዱን ጥልፌን በፍላሽ ይዤ ስዞር ቆየሁና አብነት ሰፈር የአንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ ተሰቅሎ አየሁት። የኔው ወፍ፣ የኔው ቅጠል፣ የተሳሳትኳት ስፌት እንኳ ሳትቀር። ከዚያ ወዲህ ቅጂ የሚባል ነገር አላስቀምጥም።

ከሰዓት ፈድሉን ጠራሁት። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው ነው፤ ከመጣ ገና ስምንት ወሩ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና "እትዬ ውድነሽ፣ ኮምፒውተሩስ ደህና ነው። የደከመው ሃርድ ዲስኩ ነው። አውጥተን ኤስኤስዲ እንክተትለት፣ ከዚያ ያዩታል" አለኝ።

ለአሮጌ ላዳ አዲስ ሞተር መሆኑ ነው። አስብበታለሁ አልኩት።

ማክሰኞ

ሌሊቱን ሳስብ ያደርኩት፦

ለምን ሳያቅማማ መለሰልኝ? ሐኪም እንኳ ምርመራ ያዛል።

የማይሽከረከር ነገር እንዴት ከሚሽከረከረው ይፈጥናል? "አሮጌው ውስጥ የሚዞር ሳህን አለ፣ አዲሱ ውስጥ ምንም የሚንቀሳቀስ የለም፣ ለዚህ ነው የሚፈጥነው" ብሎኛል። ስሰማው ልክ ይመስላል። ሰው ሊሸውድህ ሲል ደግሞ ንግግሩ ሁሉ ልክ ነው።

ለምን ትንሹን ግዢ አለኝ? "ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ጊጋ ይበቃዎታል" አለ። መርካቶ ውስጥ ትንሹ ይበቃሻል ያለኝ ነጋዴ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን "ኮምፒውተሩን ትተውልኝ ይሂዱ" ማለቱ ነው። ትቼልህ ልሂድና ጥልፌን ልትገለብጥ? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር።

እኔ በርበሬ በረንዳ ያደግኩ ሰው ነኝ። አባቴ በርበሬ በጆንያ ሲገዛ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ከሥር ዘግኖ ያይ ነበር። "ከላይ ያለውማ ሁልጊዜ ቀይ ነው" ይል ነበር። የዚያ ሰው ልጅ በአንድ ዕቃ አትሸወድም። ራሴ እገዛለሁ።

ረቡዕ

ገዛሁ! አምስት ሱቅ ዞሬ፣ ሦስቱን ጥዬ ወጥቼ፣ አንዱ ተከትሎ ጠርቶኝ። ሁለት ቴራ። ፈድሉ ካለው ስምንት እጥፍ ነው፤ ዋጋው ደግሞ እሱ ከጠራው ያንሳል። ዝም ብዬም አልገዛሁም፣ በመዳፌ መዘንኩት። ሌሎቹ እንደ ባዶ ክብሪት ቀፎ ቅልል ያሉ ናቸው፤ ይሄ ግን ክብደት አለው፣ እጅ ይሞላል። ሻጩም "እናቴ፣ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ፈድሉ አገላብጦ አየው። "እትዬ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም።"

"ከአንተ ስላልገዛሁ ነው" አልኩት። ፊቱ ቀላ።

እኔው ሱቅ ውስጥ፣ እኔው ፊት እንዲሠራ አደረግኩት። የራሱን ኮምፒውተር አምጥቶ በሽቦ አገናኘ። ዱካ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል ሦስት ሰዓት ጠበቅኩት፤ ሽንት ቤት እንኳ አልሄድኩም። የሚመላለሰው ጽሑፍ ምን እንደሚል ባላውቅም ማየቴን ይወቀው።

ከዚያ አበራው። እውነት ለመናገር ደነገጥኩ። ወንበሬን ሳልስብ ተነሣ! ከላይ ጀምሬ ሃያ ጥልፍ ከፈትኩ፤ ሃያውም ወዲያው ወዲያው ተከፈቱ። ልጁን ሳመሰግነው ትንሽ አፈርኩ።

"አሮጌውን ዲስክ ለተወሰነ ጊዜ ደህና ቦታ ያስቀምጡት" ብሎኝ ወጣ። ለምን? ማን ዘንድ እንዲገኝ?

ሐሙስ

አሮጌው ዲስክ ዕረፍት ነሳኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ሳደርገው ቦርሳዬ ይሰረቃል፣ ሱቅ ውስጥ ስተወው ሱቁ ይከፈታል። የአሥራ አንድ ዓመት ልፋቴ በአንድ እጅ የምትያዝ ብረት ውስጥ ነው። አምና ያየሁት መስታወት ዓይኔ ላይ መጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ ምናለሽ ተራ ወስጄ ለአንድ ቀጥቃጭ ሰጠሁትና "በመዶሻ አድቅቅልኝ" አልኩት። "ምን በድሎሽ ነው?" ብሎ ሳቀ። በሦስተኛው ምት ተከፈተ። ውስጡ መስታወት የመሰለ ሳህን ነው፤ ፊቴን አየሁበት። እሱንም አስደቀቅኩት።

ቀለል ብሎኝ ተመለስኩ። ማታ ለሌላ ደንበኛ አንድ የቆየ ጥልፍ አወጣሁ፣ ማሽኑ ሳይቆም ሰፋ። ኤስኤስዲ ያዋጣል ወይ ለሚለኝ ሁሉ ያዋጣል እላለሁ። በተለይ ራስህ ከገዛኸው።

ዓርብ

ጉድ ሆንኩ።

የሙሽራዋን ጥለት ልከፍት ስል "ሊነበብ አይችልም" አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ። የሚዜዎቹን ሞከርኩ፣ ያም የለም። የዘንድሮው የለም፣ የአምናው የለም፣ የዛሬ ሦስት ዓመቱ የለም። ስማቸው ተደርድሯል፣ ውስጣቸው ባዶ ነው። የሚከፈቱት ከላይ ያሉት፣ የድሮዎቹ ብቻ ናቸው።

ጮህኩ መሰለኝ፤ ፈድሉ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። ኤስኤስዲውን አውጥቶ በካቻቢቴ ከፈተው። ውስጡ የጥፍር ያህል የስልክ ሚሞሪ በማስቲሽ ተለጥፏል። ከጎኑ አንድ ቁራጭ ብረት።

"ብረቱ ምን ይሠራል?" አልኩት።

"ምንም አይሠራም፣ እትዬ። ለክብደት ነው።"

ሁለት ቴራ ነኝ ብሎ ይዋሻል እንጂ የሚይዘው ትንሽ ነው። ሲሞላበት የመጣውን ሁሉ እሺ እያለ ይውጥና ይጥለዋል። የበርበሬ በረንዳ ልጅ! በመዳፍሽ መዘንሽ፣ ከላይ ሃያ ከፈትሽ፤ እጅሽን ከሥር መስደድ ግን ረሳሽ። አባቴ ቢያየኝ ኖሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

"አይዞዎት፣ አሮጌውን ያምጡልኝ" አለኝ ፈድሉ።

ደጋግሞ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። "በመዶሻ?" አለ። "በመዶሻ" አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ደንበኛ ቆሞ እያየኝ። ፈድሉ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ተወው፤ ወለሉን ወለሉን እያየ ወጣ።

ለሙሽራዋ እናት ምን ብዬ ልደውል? ስልኩን አምስት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ ከተራ

ፈድሉ ገና በጠዋት መጣ። በሩን ገርበብ አደረገና ቆመ።

"እትዬ ውድነሽ፣ እንዳይቆጡኝ። የማንንም ኮምፒውተር ስነካ አስቀድሜ ወደ ራሴ ዲስክ እገለብጣለሁ። ሳምንት አቆይቼ አጠፋዋለሁ። ለደንበኛ አልናገርም፣ ሌባ ይሉኛል። ትናንትም ልነግርዎት ብዬ ፈራሁ።"

መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ አይደለም፣ ንዴት ነው። አውቄው ነበር! ሦስት ሰዓት ዓይኔን ሳልነቅል ዓይኔ ሥር ገለበጠብኝ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እኔ ጠርጥሬም ተመነጠርኩ።

ከዚያ የሙሽራዋን ጥለት ከፈተልኝ። አበባው፣ ሐረጉ፣ ሁሉም በየቦታው። ዱካው ላይ ተቀመጥኩ።

ያንን መጀመሪያ ይበቃዎታል ያለኝን ትንሹን ኤስኤስዲ አምጥቶ ገጠመልኝ። በመዳፌ ያዝኩት፤ ምንም አይከብድም። ሲጨርስ "ከላይ አይደለም፣ ከመጨረሻው ጀምርልኝ" አልኩት። ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ከፈትን፤ እኩለ ቀን ሆነ። አንድም አልጎደለም።

"አሁን የኔን ላጥፋው? እያዩ ላጥፋው" አለኝ።

አጥፋው ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የዚያ ቀጥቃጭ ሳቅ ትዝ አለኝ።

"ይቆይ" አልኩት።

ሊወጣ ሲል አላስቻለኝም። "አምና በዚህ ጊዜ የት ነበርክ የምትሠራው?"

"ጅማ" አለና ሳቀ፤ ለምን እንደጠየቅኩት የገባው ይመስላል።

ውጭ ታቦታቱ እየወጡ ነው፣ እልልታው እስከዚህ ይሰማል። ማሽኑ የመጀመሪያዋን ሚዜ ቀሚስ ጀምሯል። ለሙሽራዋ እናት ደውዬ ይደርሳል አልኳቸው። ጅማ መሆኑንም አጣራለሁ። ከሠርጉ በኋላ።